ሥራ የሌለበት ሥልጠና



ንግግሬን በኮብልስቶን ልጀምር ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ምክንያታችሁም ይገባኛል። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ስለ ሥራ አጥ ምሩቃን ሲወራ የቀልዱ ማሳረጊያ ኮብልስቶን ነበር። «ልጅህ ምን ደረሰ?» «ተመርቋል።» «ታዲያ የት ገባ?» «ድንጋይ እየጠረበ ነው።» ሁሉም ይስቃል፤ አባትየውም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ የሚሰማውን ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ቀልዱን ለጊዜው እንተወውና ሥራው እንዴት ይካሄድ እንደነበር እንይ። ኮብልስቶን በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ ድሬዳዋ ላይ ተሞከረ። ከዚያ አዳማ፣ አዲስ አበባ እያለ ከመቶ በላይ ከተሞችን አዳረሰ። እስከዚያ ድረስ የአብዛኞቹ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። አስፋልት ይንጠፍ ቢባል ሬንጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ከባድ ማሽን ይቀርባል፣ በሥራው የሚሰማሩት ሰዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ኮብልስቶን ግን ድንጋዩ ከቅርብ ካባ ይወጣል፣ አሸዋውም ከአገር ውስጥ ነው፣ መዶሻውን የሰፈር ባለሙያ ይቀጠቅጠዋል። ለመንገዱ ከወጣው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ በቀን ሠራተኛው እጅ ይገባል።

አንድ ወጣት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለአጭር ጊዜ ይሠለጥናል። መዶሻና መሮ ይጨብጣል፤ ጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ መጥረብ ይለማመዳል። ከሥልጠናው ማግስት ግን ሥራ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ለይቶ፣ በጀቱን ይዞ ይጠብቃል። ልጆቹ በማኅበር ይደራጃሉ። ጠራቢው በፍሬ ይከፈለዋል፤ የተንሻፈፈውን ድንጋይ አንጣፊው ይመልስበታል። የመጀመሪያው ሳምንት ድንጋይ ግማሹ ቢጣል፣ በሦስተኛው ወር የሚጣለው ጥቂት ነው። ማስታወሻ ደብተርም መምህርም ሳያስፈልግ፣ ልጁ እጁ የፈታው ድንጋዩን እያየ፣ ሒሳቡን እየቆጠረ ነው።

እኔ ለዛሬው ርዕስ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ ሙያ ያዙ። ሙያውን ያመጣው የሥልጠናው ርዝመትም ሆነ የማኑዋሉ ውፍረት አልነበረም። ሥልጠናውና የሥራ ትእዛዙ በአንድ ቀን መምጣታቸው ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው፦ እኛ አገር፣ እንዲሁም እንደ እኛ በፍጥነት እያደጉ ባሉ አገሮች፣ ወጣቱን «ሥራ ያጣኸው ክህሎት ስለሌለህ ነው» እያልን ወደ ክፍል እንመልሰዋለን። ክህሎቱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ሥራው ጋ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ ብዙው የሥልጠና ፕሮግራማችንም እንደዚያው ነው።

ኮብልስቶን እንከን አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ደንበኛው አንድ ብቻ፣ እሱም ማዘጋጃ ቤት ነበር። በጀት ሲያልቅ ወይም ክፍያ ወራት ሲዘገይ ማኅበሩ ይበተናል። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ መሰላሉ አጭር መሆኑ ነው። ድንጋይ መጥረብ የለመደ ልጅ ቀጥሎ የግንብ ሠራተኛ፣ ከዚያ የሕንፃ ድንጋይ ባለሙያ፣ ከዚያ አነስተኛ ተቋራጭ የሚሆንበት የታሰበበት መንገድ አልተዘረጋለትም። በራሳቸው ብልሃት የወጡ አሉ፤ ክብር ለእነሱ። ስለ ምሩቁ ልጅ ደግሞ ልናገር። በዲግሪ የተማረ ልጅ ድንጋይ ሲጠርብ ካፈርን፣ ማፈር የሚገባን በድንጋዩ አይደለም። አራት ዓመት ያስተማረው ተቋም የት ይቀጠራል ብሎ ሳያስብ በማስመረቁ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ምክንያቱም «ወላጅ የእጅ ሙያን ይንቃል» የሚለው ክስ በየስብሰባው ስለሚነሳ ነው። ንቀቱ እውነት ነው፤ ጥንታዊም ነው። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየተጠቀምን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር እስከ ማወጅ ደርሰዋል። አዋጅ ግን ስድብን እንጂ ደመወዝን አይቀይርም።

የሙያ ትምህርት ቤት እጥረት ብቻም አልነበረም። ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም ተከፍቷል። በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም ተቋቁሟል። በንጉሡ ዘመን ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኮምፕሬሄንሲቭ እየተባሉ የእንጨት ሥራ፣ የብረታ ብረት፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት ይሰጡ ነበር። በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ወርክሾፕ የተሠራ በርጩማ ቤቱ ያለ ሰው ዛሬም አይጠፋም።

ከዚያ 1966 መጣ። በ1964 ዓ.ም የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ ያኔ ሴክተር ሪቪው የተባለው፣ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስል ነበር። ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት ተሰጥቶ፣ ልጆች በየአካባቢያቸው ለግብርናና ለተግባራዊ ኑሮ ይዘጋጁ፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ይሁኑ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ የገባው ሌላ ነበር፦ የእኛ ልጅ ሞፈር ይያዝ፣ የእነሱ ልጅ ቢሮ ይግባ። መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ወላጅ ደገፋቸው፤ ዕቅዱም ቀረ። አድማው ለአብዮቱ ከተጫሩት ክብሪቶች አንዱ ሆነ። ታሪኩን የማነሳው ወላጁን ለመውቀስ አይደለም። ወላጁ ትክክል ነበር። የቢሮ ሥራ የወር ደመወዝ፣ ጡረታና መከበር ነበረው፤ የእጁ ሥራ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። በዚያ ሒሳብ ልጁን ወደ ወርክሾፕ የሚልክ አባት ቢገኝ እሱ ነበር የሚገርመው።

የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያን ወደ መሐል ለማምጣት ሞከረ። አሠራሩ ግን የቆየውን ቁስል ቆሰቆሰው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተዘጋጀ፤ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ። ልጁ ኮሌጁ በር ላይ ሲደርስ «የወደቀ» የሚል ታፔላ አንገቱ ላይ ነበር። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች በገፍ ተከፈቱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለት የነበሩት፣ አዲስ አበባና አለማያ፣ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህን በጎ ሥራ አላንኳስስም፤ የገበሬ ልጅ በአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ በር ከፍቶ ማስገባትና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መፍጠር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ረሳነው።

አሁን ደግሞ በሩ ጠበበ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። ኩረጃ መቆሙ ደግ ነው፤ እውነተኛውን ገጽታ አይተናል። ግን በየዓመቱ ማለፊያ ነጥብ ያጡት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የት ሄዱ? «ወደ ቴክኒክና ሙያ» የሚል መልስ ይሰጣል። ያው የድሮው መልስ ነው፤ ወዳቂው ብቻ በዛ። በየዓመቱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የሚመጣው አዲስ ወጣት ሁለት ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ስትጨምሩበት የጉዳዩ ክብደት ይታያችኋል።

ኮሌጆቹ ውስጥስ? ደንቡ ያማረ ነው። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ ተግባሩም በድርጅቶች ውስጥ እንዲከናወን ይላል። የትብብር ሥልጠና ይሉታል። ይህ ከጀርመን የመጣ ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡም ጥሩ ነው። ግን ጀርመን አገር ልጁ መጀመሪያ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ ከድርጅቱ አበል ይቀበላል፣ ወደ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሄዳል። እኛ ዘንድ ኮሌጁ ልጁን ተቀብሎ፣ ከዚያ ደብዳቤ ጽፎ «እባካችሁ ይህንን ልጅ አለማምዱልን» ብሎ ይለምናል። አሠሪው በይሉኝታ ይቀበላል። ልጁም መጥረጊያ ይይዛል፣ ሻይ ያመጣል፣ ፋይል ያስተካክላል። ውድ ማሽን አጠገብ እንዲደርስ አይፈቀድለትም። በመጨረሻ መገኘቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይፈረምለታል። አሠሪውን አልፈርድበትም። ልጁ ማሽኑን ቢሰብር የሚከፍለው እሱ ነው፤ ልጁ ሙያውን ጠንቅቆ ሲያውቅ ደግሞ ጎረቤቱ ሁለት መቶ ብር ጨምሮ ይወስድበታል። ታዲያ ለምን ያሠለጥናል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ብራዚል በ1942 እ.ኤ.አ. ሴናይ የተባለ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ተቋም አቋቋመች፤ ገንዘቡ የሚመጣው ፋብሪካዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ ከሚሰላ አንድ በመቶ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም የኢንዱስትሪ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ ቶርኖ ማሽን የተማሩት እዚያ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ትልልቅ ድርጅቶችን «ወይ ሠራተኛ አሠልጥኑ፣ ወይ ገንዘቡን ክፈሉ» አለቻቸው። ጎረቤታችን ኬንያም አሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ ለሥልጠና ፈንድ እንዲከፍሉ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ገንዘብ ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል። ሁሉም የገባቸው አንድ ነገር ነው። አንዱ አሠልጥኖ ሌላው ከሚወስድ፣ ሁሉም ያዋጣ፣ ያዋጣም ሰው ሥልጠናው ላይ ድምፅ ይኑረው። እኛ አሠሪውን በስብሰባ አዳራሽ ከፊት ወንበር እናስቀምጠዋለን፤ ከኪሱ አናስወጣውም፤ ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የሚናገርበት ምክንያት የለውም።

እዚህ ላይ «ፋብሪካ ይከፈት እንጂ ክህሎቱ ይመጣል» የሚል ሰው ይኖራል። ከዚህ ሐሳብ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰዎች የሥራ ዕድል ታስቦለት ነበር። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት ገባ፤ የሕንድ፣ የስሪ ላንካና የኢንዶኔዥያ ፋብሪካዎች ተከተሉ። ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ ልጃገረዶች፣ ብዙዎቹ የወር ደመወዝ አይተው የማያውቁ፣ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። ሰዓት ማክበርን፣ የመስመር ሥራን፣ ጥራት መቆጣጠርን ከውጭ አሠልጣኞች ተማሩ። ይህ እውነተኛ ክህሎት ነው።

ደመወዙስ? በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት መነሻው በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ልብስ አምራች አገሮች ዝቅተኛው ነው አሉ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ እንደነበርም ጻፉ። ለቤት ኪራይ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩ ልጆች ናቸው። ገጠር ያለችው እናት ገንዘብ ትጠብቃለች፤ ልጅቷ የምትልከው የላትም። አንዳንድ የፋብሪካ ኃላፊዎች «ኢትዮጵያዊት ሥራ አትወድም» ሲሉ ተሰምተዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ልጅቷ ሒሳብ ታውቃለች። በሳውዲ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ 1,000 ሪያል፣ ማለትም ከ260 ዶላር በላይ ነው። በደልና አደጋ እንዳለው እያወቀች አሥር እጥፉን ትመርጣለች። በ2006 ዓ.ም ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተባረው ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ከተመለሱት ብዙዎቹ እንደገና መንገድ ጀመሩ።

በዚህ ጉዳይ ከግምት በላይ የሆነ ማስረጃ አለን። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ተቀጠረ፤ ሌላው 300 ዶላር ገደማ መነሻና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀቁ። ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸው ተገኘ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በ33 በመቶ አድጎ ነበር። «እንግዲያው ለሁሉም ብር እናድል» የሚል ካለ ትንሽ ይቆይ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ የሦስቱ ቡድን ልዩነት ጠፋ። የተቀጠረውም፣ ገንዘብ ያገኘውም፣ ምንም ያላገኘውም እዚያው አካባቢ ተገናኙ። ይህ ውጤት ደስ አይልም፤ ግን የሥልጠና ዘመቻ በተጀመረ ቁጥር ሊነበብ የሚገባው ነው።

ሐዋሳ ላይ የሆነውን ታሪክ ሳልጨርስ አልለፍ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አወጣች። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከሥራ ወጡ። ሙያው በእጃቸው ነበር፤ ገበያው ግን በሌላ ሰው እጅ። ለውጭ ገበያ ብቻ የተሠራ ክህሎት እንዲህ በአንድ ውሳኔ ሊንጠለጠል ይችላል። የአገር ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የወታደር ልብስ የሚሰፋው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የግዥ ኃላፊ ቢኖር ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ መኪናቸው ላይ ነበሩ።

ሌላው ጥናት አዲስ አበባ ላይ የተካሄደ ነው፤ ይህ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ሥራ ፈላጊው ከዳር ሰፈር በሁለት ታክሲ መጥቶ፣ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ማንበቡን ሁላችንም አይተናል። ተመራማሪው ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ለአንዳንዶቹ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጧቸው፤ ለሌሎቹ ችሎታቸውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡ፣ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ልምምድ አስተማሩ። በመጀመሪያ ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ፣ ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ልጆች የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ሥራ ላይ ተገኙ። በይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድል የማይቀናቸው ናቸው። ልጁ ችሎታው ነበረው፤ አሠሪው የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ዘመድ ያለው በዘመዱ ይታወቃል፤ ዘመድ የሌለው በምን ይታወቅ?

ይህ ወደ መርካቶ ይወስደኛል። ምናለሽ ተራ ግቡና እዩ። የተጣለ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ስብርባሪ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ይሆናል። እዚያ የሚሠራው ሰው ማን አስተማረው? አለቃው። አለቃውንስ? የእሱ አለቃ። ጋራዥም እንዲሁ ነው። ልጁ ዕቃ በናፍታ በማጠብ ይጀምራል፤ ከመኪናው ሥር «17 ቁልፍ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ያቀብላል። ረዳት ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬን ይፈታል፤ ከዚያ ሞተር ያወርዳል። ከኮሌጆቻችን ሁሉ በላይ ሰው የሚያሠለጥነው ይህ ምንም በጀት፣ ምንም ዲን፣ ምንም የምረቃ መጽሔት የሌለው ትምህርት ቤት ይመስለኛል።

ግን አላጋንነው። በዚህ መንገድ በደል አለ። ከጋሞ ደጋ ሸማ እንዲማሩ ተብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የመጡ ሕፃናት ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጡ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉበት ታሪክ አለ። ለመማሪያ የጊዜ ገደብ የለም፤ ተለማማጁ መቼ ባለሙያ እንደሚባል የሚወስነው አለቃው ነው። ንድፈ ሐሳቡም ይጎድላል። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚያደርገው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ነገር ሲለወጥ ይደናገራል።

ነገሩ ደግሞ እየተለወጠ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ይህ ማለት በየሰፈሩ ካርቡሬተር እያጠበ፣ ቫልቭ እያስተካከለ ልጆቹን ያሳደገ መካኒክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባትሪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መኪና ይመጣበታል። ኤሌክትሪኩ ሊገድለው ይችላል። አሁን ኮሌጅ ሥራ አለው የምለው እዚህ ነው! ከትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ ከዜሮ ጀምሮ ስለ መኪና ከሚያስረዳ፣ ሃያ ዓመት የሠራውን መካኒክና ረዳቱን በማታ ጠርቶ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሦስት ወር ቢያስተምራቸው ይሻላል። እነሱ ደንበኛ አላቸው፣ ጋራዥ አላቸው፣ የተማሩትን በማግሥቱ ይሞክሩታል።

የብቃት ምዘናውም፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ወደነዚህ ሰዎች ይሂድ። ዛሬ ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። ሃያ ዓመት የበየደ ሰው ወረቀቱ ላይ ይወድቃል፤ ወረቀቱን የሸመደደ ልጅ ያልፋል፣ ከዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል። ለሠለጠኑ እጆች የቃል ፈተና ስጧቸው፤ መዛኙ ወደ ወርክሾፑ ይምጣና ሲሠሩ ይያቸው።

መስከረም 2014 ዓ.ም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሁለቱ ቃላት በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ላይ መገናኘታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ሐሳቡ ትክክል ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ዘመቻም መጥቷል። ወጣቱ በኮምፒዩተር መማሩን ማንም አይጠላም። ነገር ግን የምስክር ወረቀት ቁጥር እንደ ሥራ ቁጥር ሲነገር ጆሮዬን ያመኛል። ስንት ሰው ሠለጠነ ከሚለው ጋር፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ በዚያ ሙያ ደመወዝ እየበላ ነው የሚለውም አብሮ ይነገረን።

ታዲያ ምን ይደረግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው የመንግሥትን ኪስ ነው። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የመስኖ ቦይ የሚሠራው በመንግሥት ገንዘብ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ተቋራጩ፣ የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ፣ በሥራው መጠን ልክ ተለማማጅ ይውሰድ፣ ለእያንዳንዳቸው አበል ይክፈል፣ ሥራው ሲያልቅ ችሎታቸው ይመዘን፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ይህ ሲሟላ ይሁን። የኮብልስቶኑን ብልሃት ማስፋት ማለት ይህ ነው። ሰዎች «ዋጋ ይንራል» ይላሉ። ትንሽ ይንራል። ወጣቱን ያለ ሥራ አሥር ጊዜ ማሠልጠን ግን ከዚህ ይበልጥ ያስወጣል፤ ያ ወጪ በየመሥሪያ ቤቱ ስለተበታተነ ብቻ አይታየንም።

ደመወዝንም አንሽሸው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝ ቦርድ እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ሙያተኛው የሚበላው ካላገኘ ወላጅን ስለ ሙያ ክቡርነት በቴሌቪዥን ብንሰብከው አይሰማንም፤ በ1966ም አልሰማም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ፤ ለአሠሪዎች ነው። ጋራዥ፣ የእንጨት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ሆቴል ያላችሁ፣ መንግሥት አንቀጽ እስኪያወጣ አትጠብቁ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሁለት ተለማማጅ ውሰዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ስንት ወር እንደሚቆዩ በውል ጻፉላቸው። ምሳና ትራንስፖርት ቻሉላቸው። መጥረጊያውን በተራ ያዙት፤ ማሽኑን ግን አስነኳቸው። ሲጨርሱ የሚችሉትንና የማይችሉትን ዘርዝራችሁ በማኅተማችሁ ስጧቸው። አንዱን ጎረቤታችሁ ቢወስድባችሁ አትቆጡ፤ እናንተም የጎረቤታችሁን ወስዳችሁ ታውቃላችሁ።